በአንድ ስልክና በአንድ ቁራጭ በረዶ፦ ስለ አየር ንብረት የ3 ደቂቃ የሙከራ ፊልም አሠራር

በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ስለ አየር ንብረት ቀውስ የሙከራ ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ፤ ካሜራ የለኝም፣ ዋልታ ድረስ ሄጄ የበረዶ ግግር መቅረጽም አልችልም፣ ከየት ልጀምር?» ለየሰዉ ስመልስ ጣቴ ዛለ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ከታች ያለው አሠራር ለ3 ደቂቃ ፊልም ነው። 5 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። አትደንግጡ፣ አብዛኛው መጠበቅ ነው፤ የበረዶው ቀንና የኤዲት ቀናት ሲቀሩ በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ አትሠሩም። ተዋናይ የለም፣ ተራኪ የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም። ታሪክ አንተርክም፤ አንድን ነገር በምስል፣ በድምፅና በጊዜ አያያዝ እናሳያለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ። ፎከስና ኤክስፖዠር (ምስሉ የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) መቆለፍ የሚችል ይሁን። አንድሮይድ ለያዛችሁ «ኦፕን ካሜራ» የሚባለው ነፃ አፕ መቆለፉንም፣ በየተወሰነ ሰከንዱ በራሱ ፎቶ ማንሳቱንም ይችላል።
- ትራይፖድ፣ ወይም ስልኩን ሳይነቃነቅ ለሰዓታት የሚይዝ ማንኛውም ነገር።
- ፓወር ባንክና ቢያንስ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ።
- የጠረጴዛ መብራት፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ግልጽ የብርጭቆ ሳህን።
- በረዶ። ከአንድ በላይ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያው መበላሸቱ አይቀርም።
- ሁለተኛ ስልክ ወይም ድምፅ መቅጃ (ካለ)።
- ኮምፒውተር። ለምስል ዳቪንቺ ሪዞልቭ ወይም ሾትከት፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ፤ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ።
- ደብተር። ይሄ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።

ሳትጀምሩ እነዚህን እወቁ

ጎርፍ ለመቅረጽ ብላችሁ የሚፈስ ውሃ ውስጥ አትግቡ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው መጣል ይችላል፣ 30 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ ትንሽ መኪና ያነሳል። ከላይ ሆናችሁ ቅረጹ።

ጭስ ፈልጋችሁ ፕላስቲክ አታቃጥሉ። ጭሱ መርዛማ ነው። ደግሞስ ስለ ብክለት ለመናገር መበከል ምን ይሉታል?

መብራትና ውሃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሆኑ የመብራቱ ገመድ ከሳህኑ በታች ወይም ከጎኑ አይለፍ። ውሃው ይፈሳል፤ «አይፈስም» ብላችሁ አትመኑ።

የወፍ ጎጆ አጠገብ አትቁሙ፣ ድሮንም አታስጠጉ። ወላጅ ወፎች ጎጆውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ አንድ ነገር፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሕግ

«የአየር ንብረት ቀውስ» የፊልም ሐሳብ አይደለም፤ በጣም ሰፊ ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ደብተራችሁ ላይ ሙሉ፦ «ፊልሜ የሚያሳየው ______ ሲ______ ነው።» ሁለተኛው ባዶ ቦታ የሚገባው ግስ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። «ሙቀት ሲጨምር» አይቀረጽም። «በረዶ ሲቀልጥ»፣ «ኩሬ ሲጎድል»፣ «ቅጠል ሲጠወልግ» ይቀረጻል።

ከዚያ ለራሳችሁ አንድ ሕግ አውጡ። ካሜራው በጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ወይም የሰው ድምፅ አይሰማም፣ ወይም አንድ ሰከንድ ከአንድ ዓመት ጋር እኩል ነው። ሕጉ ለምን አስፈለገ? ኤዲት ላይ ስትቀመጡ ሺህ ምርጫ ይመጣባችኋል፤ ሕግ ከሌለ የሚያምረውን ሁሉ ትለጥፉና መጨረሻ ላይ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የስክሪን ሴቨር ነው።

እዚህ የምንከተለው ምሳሌ ይሄ ነው፦ ነገሩ በረዶ ሲቀልጥ፣ ቦታው በየቀኑ የምትደርሱበት አንድ ደጅ፣ ሕጉ «አንድ ሰከንድ አንድ ዓመት»።

ደረጃ 2፦ ከቀረጻ በፊት እውነቱን አጣሩ

ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ከዚያ ፊልሙ ታይቶ ሲያልቅ አንድ የፊዚክስ ተማሪ እጁን ያወጣል።

ትልቁ ስሕተት የብርጭቆው በረዶ ነው። ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፍ በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ከፍ አይልም። በረዶው ሳይቀልጥም የክብደቱን ያህል ውሃ ገፍቶ ቦታ ይዟል፤ ሲቀልጥ የሚሞላው ያንኑ ቦታ ነው። ስለዚህ «የባሕር ጠለል ከፍ እያለ ነው» ለማለት ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ብትቀርጹ ምስላችሁ ራሱ ይመሰክርባችኋል። ጠለሉን ከፍ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የብስ ላይ የነበረ በረዶ ቀልጦ ባሕር ሲገባ፣ እና የባሕሩ ውሃ ራሱ ሞቆ ሲሰፋ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ድንጋዩን ሳህኑ ውስጥ አድርጉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ የድንጋዩ አናት ከውሃው በላይ ይቅር፣ በረዶውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጡ። አሁን ውሃው በእውነት ከፍ ይላል። በብርጭቆው ላይ በቀጭን እስክሪብቶ መስመር ካሰመራችሁ ካሜራው ያየዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ከኃይል ማመንጫ ሰፋፊ ማቀዝቀዣ ማማዎች የሚወጣው ነጭ ደመና የውሃ እንፋሎት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓይን አይታይም። የኦዞን መሳሳት ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሙቀት መጨመር ዋና ምክንያት አድርጋችሁ አታቅርቡት። አንድ የሚያቃጥል ቀን የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ አይሆንም፤ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት «መደበኛ» የሚለውን የሚያሰላው በ30 ዓመት አማካይ ነው። የተሰነጠቀ መሬት ከመቅረጻችሁ በፊት ደግሞ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ በየዓመቱ በደረቁ ወራት የሚደርቅ ኩሬ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ የ30 ቀኑን ፎቶ ጀምሩ

ይሄን አስቀድሙ፣ ምክንያቱም ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። በየቀኑ የምታልፉበት አንድ ቦታ ምረጡ፤ ዛፍ፣ የውሃ ዳር፣ ባዶ መሬት፣ ምንም ይሁን። ለ30 ቀን በየቀኑ አንድ ፎቶ ታነሳላችሁ።

በተመሳሳይ ሰዓት አንሱ። ሰዓቱ ከተለያየ ጥላው ይዘላል፣ ተመልካቹ የሚያየው ለውጥ የፀሐይን ቦታ እንጂ የቦታውን ለውጥ አይሆንም። የቆማችሁበትን በጠጠር ወይም በኖራ ምልክት አድርጉበት፣ የስልኩን ከፍታ ደግሞ በራሳችሁ ሰውነት ለኩ (እኔ አገጬ ሥር ነው የማደርገው)። ከምስሉ ጥግ ላይ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ምረጡ፣ የግድግዳ ጠርዝና ምሰሶ ለምሳሌ፤ በየቀኑ እነሱን ካሉበት ቦታ ጋር አገጣጥሙ። ዙም አትጠቀሙ፤ በየቀኑ በትክክል አንድ ዓይነት ልታደርጉት አትችሉም።

ደብተሩ እዚህ ይገባል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰማዩን ሁኔታና ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ይመስሏችኋል። የትኛው ቀን ቅርንጫፉ እንደተቆረጠ የሚነግራችሁ ደብተሩ ነው።

30 ፎቶ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቢሄድ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፣ ዓይን አይዘውም። እያንዳንዱን ፎቶ 8 ፍሬም ላይ አቆዩት፤ 30 ጊዜ 8 ማለት 240 ፍሬም፣ 10 ሰከንድ ይሆናል። አንድ ቀን ካመለጣችሁ የትናንቱን ፎቶ ደግማችሁ አታስገቡ፣ ለ8 ፍሬም ጥቁር አድርጉት። ክፍተቱን ተመልካቹ ይየው፤ ከውሸት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ የበረዶው ታይምላፕስ

ታይምላፕስ ማለት በየተወሰነ ሰከንዱ የተነሱ ፎቶዎች ተያይዘው በፍጥነት የሚሄዱበት ቪዲዮ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለ። የምትፈልጉትን ሰከንድ በ24 አባዙ፤ የሚያስፈልጋችሁ የፎቶ ብዛት ያ ነው። ነገሩ የሚፈጀውን ጊዜ በሰከንድ ለዚያ ቁጥር አካፍሉ፤ በየስንት ሰከንዱ እንደምታነሱ ይነግራችኋል። የእኛ ፊልም 60 ሰከንድ በረዶ ይፈልጋል፣ ማለትም 1440 ፎቶ። በረዶው በ2 ሰዓት ከቀለጠ 7200 ሰከንድ ለ1440 ሲካፈል 5 ነው፤ በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ። በ2 ሰዓት መቅለጡን እንዴት ታውቃላችሁ? አንድ በረዶ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መብራት ሥር ሳትቀርጹ አቅልጡና ሰዓት ያዙ። ከተጠራጠራችሁ በፎቶና በፎቶ መሃል ያለውን ልዩነት አሳጥሩ። የበዛ ፎቶ ይቀነሳል፤ ያልተነሳ ፎቶ ግን ከየትም አይመጣም።

(ሌላ ነገር ለምትቀርጹ፦ ለደመና ከ3 እስከ 5 ሰከንድ፣ ለሚሄድ ጥላ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። በ5 ቀን ለሚበቅል ዘር 10 ሰከንድ ምስል ከፈለጋችሁ በየ30 ደቂቃው።)

አሁን አሠራሩ፦

ሀ. መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ዝጉና በመብራቱ ብቻ ሥሩ። የቀን ብርሃን በደመና ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ምስሉ ሲፈጥን ያ ሁሉ ብልጭ ድርግም ይሆናል።

ለ. መብራቱን ከጎን ወይም ከኋላ አድርጉት። ከፊት ከመጣ በረዶው ጠፍጣፋ ነጭ ድንጋይ ይመስላል፤ ከኋላ ሲመጣ ግን ውስጡ ያሉት የአየር ፊኛዎች ይታያሉ።

ሐ. ፎከስ፣ ኤክስፖዠርና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ቆልፉ። አውቶ ላይ ከተዋችሁት በረዶው እየጠፋ ከኋላው ያለው ጨለማ ሲበዛ ስልኩ «ጨለመ» ብሎ ምስሉን ያነጣዋል። መቅለጡን ራሱ ያበላሸዋል ማለት ነው። አይፎን ውስጥ ያለው ታይምላፕስ ደግሞ ቀረጻው በረዘመ ቁጥር ልዩነቱን በራሱ ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ልዩነቱን እናንተ የምትወስኑበት አፕ ተጠቀሙ።

መ. መብራቱ ምስሉ ላይ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካመጣ የሹተር ፍጥነቱን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) አስተካክሉ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120።

ሠ. ኤርፕሌን ሞድ። ይሄን በስድብ ጭምር መጻፍ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ሰዓት ሙሉ ሲያነሳ የቆየ ስልኬ ተደወለበት፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከመደገፊያው ተንሸራቶ ቀሪውን ጊዜ ጣሪያ ሲያነሳ ዋለ። ስልኩን ከፓወር ባንኩም አገናኙት፣ ግን ሁለቱን አታነባብሩ፤ ሙቀት ከበዛ ስልኩ በራሱ ይዘጋል።

ረ. ከጠረጴዛው ራቁ። የወለል ንዝረት ሳይቀር ይታያል።

ታይምላፕሱ ካለቀ በኋላ ሌላ በረዶ አስቀምጡና ሲንጠባጠብ በቅርብ፣ በእውነተኛ ፍጥነቱ፣ 2 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። እሱን ኋላ ላይ ትፈልጉታላችሁ። የደጁን ቦታም ካሜራው ሳይንቀሳቀስ 1 ደቂቃ ቪዲዮ ያዙለት።

ደረጃ 5፦ ድምፅ

የጀማሪ ፊልም የሚታወቀው በድምፁ ነው። ምስል ቢደበዝዝ «ስታይል ነው» ይባላል፤ ድምፅ ሲበላሽ ግን ሰው ይወጣል።

ሁለት ነገር ቅዱ። አንደኛው የቦታው ድምፅ ነው፦ ፎቶ በምታነሱበት ቦታ 2 ደቂቃ ሳትናገሩ፣ ሳትራመዱ። ነፋስ ካለ ማይኩን በስፖንጅ ቁራጭ ወይም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፣ ወይም ሰውነታችሁን ከልሉለት። ሁለተኛው የበረዶው ድምፅ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሰነጣጠቃል፣ የታፈነው አየርም ይወጣል፤ ጆሯችሁን አስጠጉ፣ ትሰሙታላችሁ። ማይኩን ከብርጭቆው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር አስጠግታችሁ ቅዱት። ማቀዝቀዣውን ለጊዜው ንቀሉት፣ ጉርምርምታው ቀረጻው ውስጥ ከገባ አይወጣም። ስትጨርሱ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ!

ስትቀዱ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ድረስ ይሁን። 0 ከነካ የድምፁ ጫፍ ተቆርጧል፣ አይጠገንም።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ቀይሩ

ለእኔ ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው። ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎኣ ተራራ ላይ ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፤ ሳይንቲስቱ ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የጀመረው ነው። ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ስንቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሆነ ይናገራል። ዓመታዊ አማካዩ ሲጠጋጋ በ1960 317፣ በ1980 339፣ በ2000 370፣ በ2020 414 ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ እንደ ኸርዝ (ድምፅ በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት) አንብቧቸው። 317 ኸርዝ፣ 339 ኸርዝ... ሁሉም ጆሮ በደንብ የሚሰማው፣ የስልክ ስፒከርም የሚያወጣው ድምፅ ነው። ምንም መለወጥ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ራሱ ቃና ሆነ።

ኦዳሲቲ ውስጥ «ጄነሬት» ከሚለው ማውጫ «ቸርፕ» የሚለውን ክፈቱ። መነሻና መድረሻ ኸርዝ ይጠይቃችኋል። ሦስት ቁራጭ ሥሩ፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ፦ ከ317 ወደ 339፣ ከ339 ወደ 370፣ ከ370 ወደ 414። አንድ ትራክ ላይ አከታትሏቸው። 60 ሰከንድ፣ 60 ዓመት። ሕጋችን ተከበረ፣ ከበረዶው ርዝመትም ጋር እኩል መጣ።

ለምን ከ317 ወደ 414 በአንድ ጊዜ አናደርገውም? ምክንያቱም ጭማሪው እኩል አይደለም። በመጀመሪያው 20 ዓመት 22፣ በሁለተኛው 31፣ በሦስተኛው 44 ነው የጨመረው። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሳላችሁት መፍጠኑን ትደብቁታላችሁ፣ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው። ሞገዱን «ሳይን» አድርጉት፣ መጠኑን 0.2 አካባቢ፤ ከዚያ ከበለጠ ጆሮ ይወጋል። ቁራጮቹ በሚገናኙበት ቦታ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ትንሽ አደባልቋቸው።

ደረጃ 7፦ ኤዲት

ከሁሉ በፊት ፕሮጀክቱን 24 ፍሬም ላይ አድርጉት። አንዳንድ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ምስል ካስገባችሁ በኋላ መቀየር አይፈቅድም። ፎቶዎቹ በተከታታይ ቁጥር ከተሰየሙ ሪዞልቭ እንደ አንድ ቪዲዮ ያያቸዋል፤ መሃል ላይ አንድ ቁጥር ከጎደለ ግን ይቆራርጣቸዋል።

ድምፁን አስቀድማችሁ ደርድሩ፣ ምስሉን ከላዩ ላይ አስቀምጡ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና ድምፁ ልጣፍ ይሆንበታል። የእኔ አደራደር ይሄን ይመስላል፦

- 15 ሰከንድ፦ ጥቁር ማያ፣ የቦታው ድምፅ ብቻ። ተመልካቹ ጆሮውን እንዲከፍት።
- 30 ሰከንድ፦ የቦታው ቪዲዮ፣ ሳይንቀሳቀስ።
- 10 ሰከንድ፦ የ30 ቀኑ ፎቶ።
- 60 ሰከንድ፦ በረዶው፣ ከሚወጣው ቃና ጋር።
- 45 ሰከንድ፦ ቃናው በድንገት ይቆረጣል፤ ጠብታው በእውነተኛ ፍጥነት፣ ከበረዶው ድምፅ ጋር።
- 20 ሰከንድ፦ ጽሑፍ።

ድምሩ 180 ሰከንድ ነው። ቃናው በቀስታ እየጠፋ ከሄደ ተመልካቹ መጥፋቱን አያስተውልም፤ ሲቆረጥ ግን ዝምታው ይሰማል፤ ለዛ ነው «በድንገት» ያልኩት።

መጨረሻው ላይ በጽሑፍ ሦስት ነገር አስቀምጡ፦ በረዶው በእውነቱ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ቃናው የየትኛው ልኬት እንደሆነና ከየት ዓመት እስከ የት እንደሚሄድ፣ እና የ30 ቀኑ ፎቶ የአየር ንብረት ማስረጃ ሳይሆን የአንድ ወር ምልከታ መሆኑን። ይሄን ካልጻፋችሁ ተመልካቹ ሁሉንም አደባልቆ ያልተባለ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ጥንቃቄ፦ በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ የሚበራና የሚጠፋ ምስል ብርሃን በሚቀሰቅሰው የሚጥል በሽታ የተያዙ ሰዎችን ሊጥል ይችላል። የ30 ቀኑ ፎቶ በሰከንድ 3 ጊዜ ነው የሚቀያየረው፤ በጣም ደማቅና በጣም ጨለማ ቀናት ከተፈራረቁ ብርሃናቸውን አቀራርቡ፣ ወይም ፎቶዎቹን ወደ 12 ፍሬም አርዝሙና ከቦታው ቪዲዮ ላይ 5 ሰከንድ ቀንሱ። ሙከራ ነው ብላችሁ ስትሮብ (በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን) ከጨመራችሁ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ማስጠንቀቂያ ጻፉ።

ደረጃ 8 (ግዴታ ያልሆነ)፦ ከሰማይ የተነሳ ምስል

ትልቅ ስፋት ያለው ለውጥ ማሳየት ከፈለጋችሁ የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያነሷቸው ምስሎች ከ2008 ወዲህ በነፃ ይወርዳሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ባሉት አብዛኞቹ ምስሎች አንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ስለሆነ ሐይቅና ደን እንጂ ቤት አትፈልጉበት። ስታወዳድሩ ደግሞ ሁሌም የአንድ ወር ምስሎችን አወዳድሩ፤ የዝናብ ወቅትን ከደረቅ ወቅት ጋር ያወዳደረ ሰው ያሳየው ወቅትን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው

ብርቱካናማ ፊልተር። ሙቀት ለማሳየት ሁሉም ይጨምረዋል። ካሜራው ያላየውን ቀለም ስትጨምሩ የተቀረጸው ነገር ሁሉ ይጠረጠራል።

የሚያሳዝን ፒያኖ። ሙዚቃው ምን እንደሚሰማን ከነገረን በረዶውን ማን ያያል? የሰው ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ የባለመብት ጣጣ አለው።

ከኢንተርኔት የተወሰደ የዋልታ ድብ። ፈቃዱ የማን እንደሆነ አታውቁም፣ ተመልካቹም ሺህ ጊዜ አይቶታል።

«ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ። ወዳጅ ሁሉ «አሪፍ ነው» ይላል። ስለ ፊልሙ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳዩትና «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ብቻ በሉት። ውሃው ከመስመሩ ማለፉን ካላየ መስመሩን አወፍሩና እንደገና ቅረጹ። ቃናው እየወጣ መሆኑን ካላስተዋለ ሌላውን ድምፅ ቀንሱለት።

ቸኩሎ መልቀቅ። አንዳንድ ፌስቲቫሎች ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፊልም አይቀበሉም። ለመላክ ካሰባችሁ የእያንዳንዱን ደንብ አንብቡ፤ እስከዚያ በይለፍ ቃል በተዘጋ ሊንክ አስቀምጡት። 1440ዎቹን ፎቶዎችም አትሰርዙ፤ አንዱ ፌስቲቫል ሌላ መጠን ወይም ሌላ የፍሬም ብዛት ቢጠይቃችሁ የምትመለሱት ወደ እነሱ ነው።